ጠያቂና ተጠያቂ

ክርክሩ የተነሣው በሻይ ሰዓት ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ዘጠኝ ዓመት የሆናት ታላቅ እህቱ ሰሞኑን ደውላ የነገረችውን አጫወተን። ነገሩ የ2012 ዓ.ም. ነው፤ የኮሮናው ዓመት። እህቱ ቡርጅ ሐሙድ በሚባለው ሰፈር ከስድስት የአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ከሰባቱ ሥራ የቀራት አንዲቱ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷን ትኩሳት ያዛት፤ ሳሉም ተከተለ። ክፍሉ አንድ፣ መስኮቱ አንድ፣ ሽንት ቤቱ ለፎቁ ሁሉ አንድ። ታዲያ ሴቶቹ ምን አደረጉ? ክፍሉን በአንሶላ ለሁለት ከፍለው በመስኮቱ በኩል ያለውን ለበሽተኛዋ ለቀቁላት። ስድስቱ በቀረው ግማሽ እግርና ራስ ሆነው ተኙ። አጥሚት የምታፈላ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ሌሊት ነቅታ ትንፋሿን የምታዳምጥ በተራ ተመደቡ። ያቺ ሥራ የቀራት ደግሞ ደመወዟን አምጥታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

ይህን ሲጨርስ አንዱ ጓደኛችን፣ “አያችሁ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸ ነው!” አለ።

ሌላዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣ “የት ታሰረ አንበሳው? አንበሳውማ እንደ ልቡ ይጎማለላል። የታሰሩት ድሮቹ ናቸው” አለችው።

ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። ይህች ጽሑፍ ከዚያ ዝምታ የመጣች ናት። ከእኛ መካከል ሁለቱም ወገን ደጋፊ አለው፤ እንዲያውም አንዳንዶቻችን በአንድ ምሽት ሁለቴ ሐሳባችንን ለውጠናል። ስለዚህ አንባቢ እዚህ ላይ የተቋጨ ፍርድ አይጠብቅ። ጥያቄው ግን ይኸ ነው፦ ምንም የሌላት ሴት ምንም ለሌላት ሴት ምን ዕዳ አለባት? ደግሞስ ያን የሌላትን ስትሰጥ፣ የተሰጠው ነገር በእውነት ከማን ኪስ የወጣ ነው?

በባዶ ሜዳ እንዳንፈላሰፍ አስቀድመን ሁኔታውን እንይ። ሊባኖስ ውስጥ የሚሠሩት ስደተኛ የቤት ሠራተኞች ወደ 250,000 እንደሚጠጉ በዚያ ዘመን ይገመት ነበር፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነዚህን ሴቶች የሚገዛው ሥርዓት ከፋላ ይባላል። የሴቲቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ቤቱን ለቃ ከወጣች፣ ደመወዝ ተከልክላም ሆነ ተደብድባ ትውጣ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕገ ወጥ ናት። የአገሪቱ የሥራ ሕግ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥላ ውጭ አድርጓቸዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሴቶቹ ራሳቸው ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ነፈገው። ሠራተኛ ናችሁ እንዳይባሉ ሕጉ የለም፤ ተደራጁ እንዳይባሉ ዕውቅናው የለም።

በሽታው ሲመጣ ገንዘቡ ቀድሞ ታሞ ነበር። ከ2012 መባቻ ጀምሮ የሊባኖስ ባንኮች ዶላር መስጠት እያቆሙ ሄዱ። ለረጅም ዘመን በ1,500 ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሐምሌ ወር በጥቁር ገበያ ከ7,000 ሊራ በላይ ሆነ። በወር ከ150 እስከ 200 ዶላር ገደማ ትቀበል የነበረች ሴት ወይ በሊራ ይከፈላት ጀመር፣ ወይ ጭራሹን ቀረባት። የካቲት 13 ቀን የመጀመሪያዋ የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘች፤ መጋቢት ውስጥ ቤት መዋል ታወጀ፤ መጋቢት 9 አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። እስከ ሰኔ 24 አልተከፈተም። ደመወዝ የለም፣ መውጫ የለም፣ መግቢያም የለም።

በግንቦት መጨረሻ የሆነውን ብዙ አንባቢ በፎቶግራፍ አይቶታል። አሠሪዎች ሴቶቹን በመኪና እያመጡ ሐዝሚየ በሚገኘው የአገራችን ቆንስላ ደጃፍ ከነሻንጣቸው አራገፏቸው። ፓስፖርት የሌላት፣ የወራት ደመወዝ ያልተከፈላት፣ ስልኳን የተቀማች አለች። እግረኛ መንገድ ላይ ካርቶን አንጥፈው አደሩ። ቃሉን ልብ ይሏል፦ “አራገፏቸው”። ይህን ቃል ለሰው ስንጠቀምበት እኛም አላፈርንም።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ፤ ነገራችንን የሚይዘው እሱ ነውና። በአማርኛ “ጠየቀ” የሚለው ግስ ብዙ ሥራ ይሠራል። መልስ የሚፈልግ ሰው ይጠይቃል። ገንዘብ የሚፈልግም ይጠይቃል። የታመመ ዘመዱን ሊያይ የሄደም “ልጠይቃት ሄድኩ” ይላል። በዚህ በሦስተኛው ትርጉም ጠያቂ ማለት መድኃኒት የሚያመጣ አይደለም፤ ብርቱካን ይዞ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ የሚቀመጥና “እንዴት አደርሽ?” የሚል ነው። ሰው ጠያቂ ካለው ሰው ነው። ጠያቂ ያጣ በሽተኛ ከበሽታው ይልቅ የሚያመው ይኸው ማጣቱ ነው። ከዚሁ ግስ ደግሞ “ተጠያቂ” የሚል ቃል ወጣ፤ ትርጉሙ ግን ጎረቤት የሚያየው በሽተኛ አይደለም፤ ኀላፊነት ያለበት፣ ስለ በደሉ መልስ መስጠት ያለበት ሰው ነው።

እንግዲህ የዚያን ዓመት የቤይሩት ሴቶች ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል የወደቀ ነው። ጠያቂ ሞልቶ ነበር። ተጠያቂ ግን አልተገኘም።

ጠያቂነቱ ምን ይመስል ነበር? የጓደኛችን እህት የነገረችው ከአንሶላው መጋረጃ የሚያልፍ ነው። ሴቶቹ ሦስት ዓይነት ነበሩ ትላለች። አንደኞቹ ማዳም ቤት ተቆልፎባቸው የቀሩት ናቸው። ለእነሱ ቤት መዋል ማለት ቤተሰቡ በሙሉ ቀኑን ሙሉ ቤት አለ ማለት ነው፤ ሦስቴ የሚበላው አምስቴ ይበላል፣ የበሩ እጀታ በየሰዓቱ በበረኪና ይወለወላል፣ የእሑድ ዕረፍት የነበራትም ትሰረዝባታለች። ሁለተኞቹ እንደ እሷ ውጭ ተከራይተው በሰዓት የሚሠሩት ናቸው፤ ፍሪላንስ ይሏቸዋል። ሦስተኞቹ የተጣሉት። ተቆልፎባት ያለችው እህል አላት፤ ነፃነት የላትም። ፍሪላንሷ ነፃነት አላት፤ እህል የላትም። የተጣለችው ሁለቱም የላትም። መረዳዳቱ የሄደው በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነበር።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማዳም ቤት ያለችው ቆሻሻ ልትጥል ትወርዳለች። ከገንዳው አጠገብ ሌላዋ ትጠብቃለች። ከሁለቱ ፌስታል አንዱ ቆሻሻ ነው፤ በሌላው ውስጥ ሩዝ፣ የዳቦ ትራፊ፣ አንዳንዴ የፓናዶል ፍሬ አለ። አይነጋገሩም፤ ማዳም በረንዳ ላይ ናት። እዚህ ላይ አንዱ ጓደኛችን፣ “ይኸ እኮ በንጹሕ አማርኛ ሌብነት ነው” ብሎ ነበር። እሺ፤ እንመርምረው። የሩዙ ባለቤት ማን ነው? ማዳም ናት ይባል። ማዳም ግን የአራት ወር ደመወዝ አልከፈለችም። እንግዲህ የአራት ወር ጉልበት በቤቷ ውስጥ ተቀምጧል፤ በምንጣፉ ንጣት፣ በልጆቹ ልብስ፣ በሩዙም ብስለት ውስጥ። ከዚያ ውስጥ አንዲት ጭልፋ ብትወጣ ማን ከማን ሰረቀ? የኛ ነገር፣ ጭልፋዋን ለማየት ዐይናችን ስል ነው፤ አራቱ ወር ግን አይታየንም። ተናጋሪው ጓደኛችን ቃሉን አነሣ። ካላነሣም እዚህ ላይ አነሣንለት።

በሚያዝያ 11 ፋሲካ ዋለ፤ ሚያዝያው ሳያልቅ ረመዳን ገባ። በዚያች ክፍል ከሰባቱ ሦስቱ ሙስሊሞች ነበሩ። ለፋሲካ ዶሮ አልነበረም፤ አንድ እንቁላል ለሁለት ተበላ። ለማፍጠሪያ ቴምር የመጣው ከክርስቲያኗ ነው፤ ያቺ ሥራ የቀራት። በሽተኛዋን አንዷ “እግዜር ይማርሽ”፣ ሌላዋ “አላህ ያሽርሽ” እያሉ አጥሚቱን አቀበሏት። በኢሞ ድምፅ እየቀዱ የሚላላኩ ነበሩ፤ ስልክ የተቀማችዋን ከመስኮት እያዩ በእጅ ምልክት የሚጠይቁም ነበሩ። ሐኪም ቤትማ የሚታሰብ አይደለም፤ ወረቀት የሌላት ሴት ሐኪም ዘንድ ከሄደች ወደ እስር ቤት በእግሯ የሄደች ይመስላታልና።

ይህ ሁሉ ምን ይባላል? እድር ነው እንዳንል እድር አይደለም። እድር መዋጮ አለው፣ ዳኛ አለው፣ መዝገብ አለው፤ ያልከፈለ ይቀጣል፣ የከፈለ ሲሞትበት ድንኳን ይተከልለታል። ዛሬ የእኔ፣ ነገ የአንተ ነው። እድር ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ነገ መኖሩን ያምናል። ለተጣለችዋ ሩዝ ያወረደችው ሴት ነገ አልነበራትም፤ ሩዙን የተቀበለችውም መዋጮ አልነበራትም። ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ምጽዋት ነው እንዳንልም ምጽዋት ከፍ ካለ እጅ ዝቅ ወዳለ እጅ ይወርዳል፤ እዚህ ሁለቱም እጆች እኩል መሬት ላይ ናቸው።

ወላጆቻችን የኅዳር በሽታ የሚሉትን ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። በ1911 ዓ.ም. ያ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ በከተማው አስታማሚ ጠፍቶ፣ ቀባሪም ጠፍቶ ነበር። ጠያቂም የሞተበት ወረርሽኝ ነውና። ይህን ያነሣነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወረርሽኝ ከሌላ መከራ የሚለየው መጠየቅን ራሱን አደገኛ ማድረጉ ነው። በረሀብ ጊዜ እንጀራህን ብታካፍል እንጀራህ ይጎድላል። በወረርሽኝ ጊዜ አጠገቧ ብትቀመጥ ራስህ ትጎድላለህ። ስለዚህ አንሶላው ጀርባ ገብታ ላብ የጠረገችው ሴት የሰጠችው ጊዜዋን ብቻ አይደለም።

ደጉ ሳምራዊ የሚባለውን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ከእኛ ጋር ስለኖሩ ያውቁታል። ወንበዴዎች አንዱን መንገደኛ ደብድበው ጣሉት፤ ሁለት ሰዎች አይተው አለፉ፤ ሦስተኛው ቁስሉን አጥቦ፣ በአህያው ጭኖ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፈለለት። እንግዲህ ይህን ታሪክ ትንሽ እንለውጠው። ሦስተኛው መንገደኛ አህያ የለውም፤ ዲናርም የለውም። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው መንገድ፣ በእነዚያው ወንበዴዎች ተደብድቧል። እየዳኸ ወደተጣለው ሰው መጣና ከገዛ ልብሱ ቀዶ ቁስሉን አሰረለት። ደግ ነው? አዎ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ደግ ነው። ግን አሁን ታሪኩን የሚሰማ ሰው ሁሉ ማንሣት የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። በመጀመሪያው ታሪክ ስለ ወንበዴዎቹ ማንም አይጠይቅም፤ ታሪኩ ስለ ጎረቤት ነውና አያስፈልግም። በሁለተኛው ግን ሁለቱም ቁስለኞች አንድ ዓይነት ዱላ ስላረፈባቸው፣ ስለ ደግነቱ ብቻ አውርተን ስለ ዱላው ዝም ካልን፣ ዝምታችን ከወንበዴው ወገን ይቆጠራል።

“ድር ቢያብር” ያለው ጓደኛችን እዚህ ላይ ተቃወመ። “ታዲያ አናድንቃቸው?” አለ። ማድነቅ ማን ከለከለ! ነገር ግን ማን እንደሚያደንቅ ይታይ። ቤይሩት ያለው አሠሪ፣ “እነሱ እኮ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ፣ አይራቡም” ሲል ማድነቁ ነው። እዚህ ያለው ደላላ፣ “እዚያ የአገር ልጅ አለልሽ፣ ምን አሳሰበሽ?” ሲል ማድነቁ ነው። ሁለቱም የሚያደንቁት ነገር ከነሱ የሚፈለገውን የሚያስቀርላቸውን ነው። አድናቆታቸው ያልከፈሉበት ደረሰኝ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። የጓደኛችን እህት ይህን ሁሉ የተናገረችው ለመመስገን አልነበረም። ልትናገር የፈለገችው ስለ አንዲት ልጅ ነው።

በሰኔ ወር አንድ ማታ በራቸው ተንኳኳ። ስትከፍት አንዲት ቀጭን ልጅ፣ በእጇ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ቆማለች። ከማዳም ቤት ጠዋት ተጥላ፣ አንዷ “እዚያ ፎቅ ላይ ሐበሾች አሉ” ብላት የመጣች ናት። ውስጥ በሽተኛ አለች። ስድስቱ በግማሽ ክፍል ተደራርበዋል። ባለቤትየው ስምንተኛ ሰው ካየ ሁሉንም እንደሚያስወጣ ተናግሯል። በሹክሹክታ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ፣ “እህታችን፣ ለዛሬ እንዴት አድርገን?” አሏት። ብርድ ልብስ ሰጧት፤ ወደ ጣራው በሚወስደው ደረጃ ላይ አደረች። ምግብ በሳሕን ደረጃው ላይ እያስቀመጡላት ሁለት ቀን ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብርድ ልብሱ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ልጅቷ የለችም። ስሟን እንኳ በቅጡ አልያዙትም። በሐምሌ 28 የወደቡ ፍንዳታ ቤይሩትን ሲያናውጥ፣ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሲሞትና ወደ 300,000 የሚጠጋው ቤት አልባ ሲሆን፣ እህቱ መጀመሪያ ያሰበችው ያቺን ልጅ ነው። እስከ ዛሬም ደረጃ በወጣች ቁጥር ታስባታለች።

በደለኛ ናቸው ወይ?

የፍልስፍና ኮርስ የወሰዱት ወዲያው ካንትን ጠሩ፤ ማድረግ በማይቻል ነገር ላይ ግዴታ የለም፣ ስለዚህ በደልም የለም አሉ። እውነት ነው፣ ይመስላል። ጓደኛችን ይህንኑ ሐሳብ በራሱ ቃል ለእህቱ ነግሯት ነበር፤ “እትዬ፣ ምን ታደርጉ ነበር? አትችሉም ነበር” ብሏት። መልሷ አፋችንን ያስያዘን ነው። “ይቻል ነበር” አለችው። “ስምንተኛ ሰው ይበቃን ነበር። እኔ በቁሜ አድር ነበር። ፈርተን ነው።”

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። እኛ ከዚህ ርቀት “አትችሉም ነበር” ስንላት እያጽናናናት ይመስለናል። እሷ ግን ማጽናኛችንን አልተቀበለችም፤ ምክንያቱም “አትችሉም ነበር” ማለት “በዚያ ሌሊት ሰው አልነበራችሁም፣ ሁኔታው የገፋችሁ ዕቃ ነበራችሁ” ማለት ነው። መፍራቷን ስታምን የመምረጥ ሥልጣኗን ይዛ ቀረች። ይህ መብቷ ነው፤ ልንወስድባት አይገባንም። በሌላ በኩል ደግሞ ጸጸቱን እንዲሁ ለእሷ ትተን ልንሄድ አንችልም። እስቲ የዚያን ሌሊት ጸጸት ማን ማን እንደያዘው እንቁጠር። ልጅቷን ከመኪና ያወረደችው ማዳም ተኝታለች። ደመወዟን የከለከለው ሚስተር ተኝቷል። ስምንተኛ ሰው አልፈልግም ያለው ባለቤት ተኝቷል። ሠራተኛ አይደለችም ብሎ የጻፈው ሕግ እንደ ሕግ ሁሉ እንቅልፍም ንቃትም የለውም። ከአሥር ዓመት በላይ ሴቶቻችን በእግድም ያለ እግድም ሲጎርፉ የሚጠብቃቸው ውል ያላበጀላቸው ወገን ተኝቷል። የነቃችው አንዲት ሴት ናት፤ በሩን የከፈተችው። ከሁሉም ያነሰ ሥልጣን የነበራት እሷ ናት፤ ከሁሉም የበዛውን ጸጸት የያዘችውም እሷ ናት።

ስለምን? የልጅቷን ፊት ስላየች ነው። ዕዳ ባለዕዳው አልከፍልም ሲል አይጠፋም፤ ይንከባለልና ፊት ለፊት በቆመው ሰው ላይ ይወድቃል። ቅርብ ያለ ይከፍላል፤ መክፈል ሲያቅተው ደግሞ ባለዕዳው እሱ ራሱ እየመሰለው ያፍራል። የእኛ አቋም እንዲህ ነው፦ ሰባቱ ሴቶች የሌላውን ሰው ዕዳ ከፍለዋል። የሌላውን ዕዳ መክፈል ዕዳውን የራስ አያደርገውም። በሩን አለመክፈታቸው የራሳቸው ፍርሃት ነው፤ ሌሊቱን ጠባብ ያደረገው ግን የራሳቸው አይደለም።

ከዚህ ተነሥተን “እንግዲያውስ መረዳዳቱ ሥርዓቱን ያራዝመዋል፣ ባይረዳዱ ኖሮ ነገሩ ፈንድቶ ይስተካከል ነበር” የሚል አለ። በየዘመኑ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም ሆዱ ሞልቶ የሚናገር ነው። ትኩሳት የያዛትን ሴት ለታሪክ ሒደት ሲባል አጥሚት ከልክሉ ማለት ነውና አንስማማም። ደግሞም ነገሩ በተግባር የሄደው በተቃራኒው ነው። “እኛ ለእኛ በስደት” የሚባለው ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቤይሩት በነበሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ነው፤ መሥራቿም ራሷ በዚያው ሥራ የኖረች ናት። በዚያ በመከራው ዓመት ምግብና የቤት ኪራይ ሲያከፋፍሉ የነበሩት፣ ከፋላ ይፍረስ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ይከፈል ብለው የጮኹትም እነሱው ናቸው። ይህ ድንገት የሆነ አይደለም። ዱቄት የምታድል ሴት በየቤቱ ትገባለች፤ በየቤቱ የገባች ሴት ደግሞ የማን ደመወዝ ስንት ወር እንደቀረ፣ የማን ፓስፖርት ማን ዘንድ እንዳለ ታውቃለች። ጠያቂነት እንዲህ እያለ ተጠያቂውን ፍለጋ ይወጣል። የስማቸውም አወጣጥ ያስደንቀናል፤ “እኛ ለእኛ” ውስጥ ሌላ የለንም የሚል ኀዘንም፣ ሌላ አንጠብቅም የሚል ቁጣም አለበት።

ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነው ብለን አንዋሽም። በዚያው በ2012 ማብቂያ የሊባኖስ ሥራ ሚኒስቴር ለቤት ሠራተኞች የተሻለ መደበኛ ውል አወጣ፤ ሠራተኛዋ ሥራዋን እንድትለቅ የሚፈቅድ ነበር። የአስመጪ ኤጀንሲዎቹ ማኅበር ከሰሰ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በጥቅምት 2013 አገደው። በ2017 መስከረም የእስራኤል ቦምብ ሲወርድ ደግሞ ያው ታሪክ ተመለሰ፤ ሠራተኛቸውን ቤት ውስጥ ትተው የሸሹ አሠሪዎች ነበሩ፤ ለተፈናቃይ ከተከፈቱት መጠለያዎችም ስደተኛ ሠራተኞችን የመለሱ ነበሩ። አሁንም ያስጠጓቸው በአብዛኛው የራሳቸው ሰዎች ናቸው። እህቱ በዚያ ሰሞን በክፍሏ አሥራ አንድ ሰው አሳድራለች። ስንት ሰው ይበቃል ብላ አልቆጠረችም ይላል።

ስለ አሠሪው ተናገርን፤ ስለ ደላላው ተናገርን። ስለ ራሳችን ሳንናገር ይህን ገጽ ብንዘጋ ደፋሮች እንባላለን። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ስንቶቻችን ነን በእህት፣ በአክስት፣ በእናት የዐረብ አገር ገንዘብ ፊደል የቆጠርን? ደብተራችን፣ የቤታችን ቆርቆሮ፣ ወደዚህ ግቢ የመጣንበት ሻንጣ ከየት መጣ? ጓደኛችን በ2012 የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ተቀምጦ ሳለ ሁለቴ መልእክት ልኮላት እንደነበር ያስታውሳል። አንዱ ስለ ስልክ ነው፤ ሌላው ስለ ጫማ። “እትዬ፣ አደራሽን” የሚል አለበት። ጫማው መጣ። ከየት እንደመጣ፣ ከማን ሩዝ ተቀንሶ እንደመጣ አልጠየቀም። እሷም አልነገረችውም። ቤተሰቡ ሁሉ ጠይቋት ነበር፤ በሁለተኛው ትርጉም። በሦስተኛው ትርጉም የጠየቋት ግን አብረዋት የተራቡት ናቸው።

በዚያ ምሽት ክርክሩ ሲያልቅ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ እዚያው ከፊታችን ደወለላት። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

“ደኅና ነህ ወንድምዓለም? ምን ሆንክ በዚህ ሰዓት?”

“ምንም አልሆንኩም እትዬ። እንዲሁ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።”

ትንሽ ዝም አለች።

“እሺ ጠይቀኝ” አለችው፤ “ስንት ነው?”